ለአንቺ የተቀመጠው ሳህን

ለእህቴ ለሩታ፣ ቤይሩት ላለሽው፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለው? እንቅልፍስ ይሰጡሻል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የእኔን ውበት ከጠየቅሽ እየባሰበት ነው። ከሐምሌ ወዲህ ስልክሽ ስለማይጠራ ይህን ወደዚያው በምትመጣው በሰሚራ እጅ ልኬልሻለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ ስምንተኛን ሳልጨርስ እንደወጣሁ ታውቂያለሽ።

ሚንጂ የምትባል ኮሪያዊት እኛ ቤት ገብታለች። በነጻ ሒሳብ ልታስተምር ነው የመጣችው፤ ቡሹሎ ትምህርት ቤት እስክትመደብ ሥልጠና ላይ ናት። ማስተማር የምትለማመደው በእኔ ነው። ያልገባኝ መስዬ አናድዳታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ማስመሰሉ ብዙም አላደከመኝም።

ሰኞ የአገሯ የመኸር በዓል ነበር። ከሩዝ ዱቄት ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ነገር ሠራች፤ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ ገዝተን ጠበሰች፤ ፖምና ሙዝ ደረደረች። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና በቀቀለችው ሩዝ መሃል ማንኪያ ቀጥ አድርጋ ተከለች። እኔ ባንዲራ ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁባት። እማዬ ለማን እንደሆነ ብትጠይቃት፣ ለአባቷ መሆኑን፣ ዛሬ እንደሚመጣ ነገረቻት።

እማዬን ታውቂያት የለ? ለራቀ ሰው እንዲህ የሚደረግ ከሆነ የእኔስ ልጅ ብላ ብድግ አለች። ያቺን ጠርዟ ሰማያዊ የሆነ ሳህንሽን አውርዳ የምትወጂውን የቆሮሶ ጭንቅላት አደረገችባት፤ ሩዝ ጨመረች፤ ማንኪያውንም እንደ ሚንጂ ተከለችው።

የሚንጂ ፊት ነጣ። የእማዬን እጅ ይዛ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ እማማ አይሆንም፣ አባቴ ሞቷል፣ ይህ ለሞተ ሰው ነው አለቻት።

ሩታዬ፣ አባባ ሬዲዮኑን ዘጋ። እማዬ ዓይኗን ከሳህኑ ላይ መንቀል አቃታት። ይህን ያህል ጊዜ አንዳችንም አፍ አውጥተን ያላልነውን ያቺ ማንኪያ ቆማ ተናገረችው። እኔ ማንኪያውን ነቅዬ ተቀመጥኩና ዓሣሽን ከነሩዙ በላሁት። ሁሉንም። እማዬ እያለቀሰች፣ ቀስ እያልክ፣ እሾሁ ይወጋሃል ትለኛለች። እኔም ሩታ ስትመጣ ለምን ዓሣዬን በላህ ብላ ትግደለኝ አልኳት፤ ይሄኔ ትንሽ ሳቀች። በኋላ ሚንጂ ለአባቷ ስትሰግድ እዚያው ቆሜ ነበር፤ አልሳቅሁም።

ሳህንሽን አጥቤ ቦታዋ መልሻታለሁ። እማዬ ስልኳን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዛ ትገባለች። በማንም ስልክ ይሁን፣ አንድ ደቂቃ ደውዪ። እኔን ለመስደብም ቢሆን ደውዪ።

እማዬ ጉንጭሽን እያገላበጠች ትስምሻለች። አባባ በርቺ ብሎሻል፤ ከዚያ በላይ እንደማይናገር ታውቂያለሽ። ሚንጂ ሳታውቅሽ ይቅርታ ጠይቃሻለች።

ዓሣሽን የበላው ወንድምሽ፣
ኢዮስያስ ደረሰ
ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ
መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.