ሦስተኛዋ ከግራ

ሰኞ፣ ማርች 4

ከቅዳሴ በኋላ ቆሞሳችን አባ ክሌመንስ ጠሩኝ። የዕቃ ቤቱ አሮጌ ቁም ሣጥን ሲነሣ ከጀርባው አንድ የእንጨት ሣጥን ተገኝቷል። የቀድሞው ሚሲዮናዊ የአባ ቫልተር ስላይዶች፣ በፕሮጀክተር የሚታዩ የፊልም ፎቶዎች... መቶ አርባ ሁለት። ከተለመደው ይበልጣሉ፤ ስድስት በስድስት ሳንቲሜትር፣ በሁለት መስታወት መካከል የታሸጉ። አባ ቫልተር ወደ አገራቸው ከተመለሱ አርባ ስምንት ዓመት ሆነ። ካረፉም ቆዩ።

«ባፓ ጉሩ፣ እነዚህን ሰዎች የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር ማን ቀረ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አርባ ዓመት ትምህርተ ክርስቶስ ስላስተማርኩ ከተማው ሁሉ ባፓ ጉሩ፣ አባባ መምህር፣ እያለ ይጠራኛል። ጠሪዎቹ ግን እየቀነሱ ነው።

የሰበካው ስካነር ይህን የሚያህል ፊልም አይቀበልም። ስለዚህ ካሜራ፣ መቆሚያና ብርሃን የሚሰጥ ነጭ ሰሌዳ አዋሱኝ። ስላይዱን በሰሌዳው ላይ አስተኝቶ ከላይ ማንሣት፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር። በሰማንያ አንድ ዓመቴ አዲስ ሙያ።

ረቡዕ፣ ማርች 6

አመድ ተቀባሁ። ጾም ገባ።

ሥራውንም ዛሬ ጀመርኩ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ ሻጋታ የበላውን ለብቻ ማስቀመጥ። ቀለማቸው ወደ ቀይ አጋድሏል፤ ባሕሩ እንኳ ወይን ጠጅ መስሏል። ከእያንዳንዱ ክፈፍ አንድ ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት! አባ ቫልተር በግቢው አንሶላ ዘርግተው ፎቶ ሲያሳዩ ረዳታቸው ነበርኩ። ስላይዱን ወደ ፕሮጀክተሩ ሲከቱ ነጥቡን ሁልጊዜ በቀኝ አውራ ጣታቸው ነበር የሚይዙት። እኔም ነጥቡን ወደ ቀኝ አደርጋለሁ።

ሰኞ፣ ማርች 11

ሃያ ሁለት ሠራሁ። ማንም አልመጣም።

ሐሙስ፣ ማርች 14

ዛሬ ያገኘሁትን ልጻፈው።

በ1966 የተነሣ። የመጀመሪያ ቁርባን። ሰባት ሴቶች ልጆች፣ ነጭ ለብሰው፣ ሻማ ይዘው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ። በክፈፉ ላይ በእርሳስ «ከግራ» ይልና ስማቸው ተዘርዝሯል። ሦስተኛዋ... ማርታ ባሬክ።

ልጄ።

ለሥራ ባሕር ተሻግሬ ታዋው ወደምትባል የባዕድ አገር ከተማ ስሄድ ሦስት ዓመቷ ነበር። በሰባት ዓመቷ ወባ ወሰዳት። እኔ የተመለስኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ መቃብሯ ላይ ሣር በቅሎ ነበር። በቤታችን ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ሮፊና፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የልጇን መልክ ይዛው ሄደች። እርሷም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። በምን አፌ?

እነሆ አየኋት። ቀጥ ብላ ቆማለች። እጆቿ ሻማውን አጥብቀው ይዘዋል፤ ቅንድቧ ጥቂት ተሰብስቦ ፊት ለፊት ታየኛለች። የሮፊና ግንባር ነው። እንዴት ያለ ጭምትነት! ከአጠገቧ አንዲት ልጅ አለች፤ ቀጥላም አምስተኛዋ ኡርሱላ ፔኒ፣ ዛሬ ዓሣ የምትሸጠው ጎረቤቴ። ነጠላዋ ተጣሞ፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ወደ ጎን ዞራ ትስቃለች። በቁርባን ቀን! ያኔም እንዲህ ነበረች ማለት ነው።

እሑድ፣ ማርች 17

ጠዋትና ማታ ዳዊቴን ደግሜ ስጨርስ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ። ፊቷ ብቻ እስኪቀር አጎላዋለሁ። ስለ እርሷ እጸልያለሁ፤ ቀጥሎም እርሷን ይቅርታ እለምናለሁ። ዓይኗ «የት ነበርክ?» የሚል ይመስለኛል። ጠያቂ አገኘሁ... ይህም ጸጋ ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 20

ኡርሱላ መጣች። ከመንገድ ጀምራ ትጮኻለች።

«ባፓ ጉሩ! አሉ ወይስ አረፉ?»

«አለሁ።»

«እንግዲያው ይክፈቱ! ዓሣው እንደ እርስዎ ትዕግሥት የለውም።»

ከመግባቷ በፊት ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። አየችኝ።

«ምን ይደብቃሉ? ሆሆ፣ በዚህ ዕድሜ!»

«የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው።»

«ውይ፣ ይተዉት በቃ። እንቅልፌ ይመጣል።»

ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ሄደች። ለምን ዘጋሁት? ሐዘኔን እንዳትካፈለኝ ነው? ከእሑድ ወዲህ ቤቴ የሰማው የሰው ድምፅ የእርሷ ብቻ ነበር።

ሐሙስ፣ ማርች 28

ጌታ ሆይ...

የዚያኑ የመጀመሪያ ቁርባን ዕለት የቅዳሴ ስላይዶች እየሠራሁ ነበር። እንግዳ ካህን ይቀድሳሉ። በዚያ ዘመን ካህን በግራ ክንዱ ላይ አጭር ጨርቅ ያንጠለጥል ነበር፤ ዛሬ ቀርቷል፤ ወጣቶቹ ካህናት ስሟንም አያውቁም። እኚህ ካህን ግን በቀኝ ክንዳቸው ነው ያንጠለጠሏት። ተሳስተው ይሆን? ቀጣዩን አየሁ፤ ሕዝቡን በግራ እጃቸው ይባርካሉ። የሚቀጥለውን አየሁ፤ ሰው ሁሉ በግራ እጁ ያማትባል።

አንድ ካህን ሊስት ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው በግራው አያማትብም።

የሳትኩት እኔ ነኝ። አባ ቫልተር ነጥቡን በቀኝ አውራ ጣታቸው ሲይዙ ስላይዱ ተዘቅዝቆ ነበር! ፕሮጀክተሩ ሥዕሉን ስለሚገለብጥ ስላይዱ ላዩ ወደ ታች ሆኖ ነው የሚገባው። እንደ እኔ አቅንተው ሲያስተኙት ግን ነጥቡ ወደ ግራ መዞር ነበረበት። እኔ አውራ ጣቱን አስታወስኩ፤ መዘቅዘቁን ረሳሁ። ሁሉንም በጀርባቸው ሳነሣ ከረምኩ።

ያቺን ስላይድ አወጣሁ። ገለበጥኋት። ከግራ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ነጠላዋ የተጣመባት። የምትስቀዋ።

ቅዳሜ፣ ማርች 30

ለአባ ክሌመንስ ጥፋቴን ተናገርኩ። «አይጨነቁ ባፓ፣ በኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ይገለበጣሉ» አሉኝ። ፎቶዎቹስ ይገለበጣሉ። ጸሎቱስ?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 2

አላውቃትም። ደጋግሜ አያታለሁ፤ አላውቃትም። ፊቷ ወደ ጎን ስለ ዞረ ግማሹ ብቻ ይታያል፤ እሱም በሳቅ ተጨማዷል። ያቺን ጭምቷን «ልጄ» ያልኳት እንዲህ ያለች ልጅ ስለፈለግሁ ነው? የገዛ ልጄን ደግሞ ሥርዓት የላትም ብዬ በዚሁ ደብተር ጻፍኩባት። መጀመሪያ ስትታየኝ የሰጠኋት ቃል ይህ ነው።

ገጹን ልቅደደው አልኩ። አልቀደድኩትም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 4

ፎቶውን አሳትሜ ወደ ዓሣ ተራ ወረድኩ። ኡርሱላ ቢላዋዋን ጥላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ባፓ ጉሩ እዚህ? ማን ሞተ?»

ሰጠኋት። ራቅ አድርጋ ያዘችው፤ ደግሞ አቀረበችው።

«እኔ ነኝ... በማርያም! ልጅ ሆኜ ራሴን አይቼ አላውቅም እኮ።»

«ጭምት ነበርሽ» አልኳት።

«የምን ጭምት? ጫማው ነው እንጂ! የአክስቴ ልጅ ጫማ፣ ሁለት ቁጥር ያንሰኛል። እንባዬን ይዤ ነው የቆምኩት። ይቺ እብድ ደግሞ 'ዳክዬ መሰልሽ' እያለች...» ጣቷን በሦስተኛዋ ላይ አሳረፈች። «ባሬክ ነበር የምንላት። አቤት ባሬክ!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንዴ ባፓ፣ ልጅዎን አያውቋት—»

የዓሣ ተራው ጫጫታ ሁሉ የራቀ መሰለኝ። ጎረቤቶቿ ቀና ብለው አዩን። የራሷን በርጩማ አምጥታ አስቀመጠችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የእርሷን ፊት ከፍቼ ስጸልይ እንደ ነበርኩ ጭምር።

«ለእኔ? ጠዋትና ማታ?»

«ሳላውቅ።»

«ለካ ለዚህ ነው ወገቤን የተሻለኝ!» ሳቀች። ከዚያ ቢላዋዋን አንሥታ ዓሣ መፋቅ ጀመረች፤ ቀና ሳትል፣ በቀስታ «ካልከበደዎት አያቋርጡት» አለችኝ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 8

እያንዳንዷን ስላይድ እንደገና አነሣለሁ፤ በኮምፒውተር መገልበጡን አልፈለግሁም። ኡርሱላ ከገበያ ስትመለስ ጎራ ትላለች። ከአጠገቤ ተቀምጣ የሰዎቹን ሐሜት ትነግረኛለች። «ይሄ ያልጠጣው የሞኬ አረቄ የለም። ይቺ ባሏን በመቅዘፊያ ያሳደደችው ናት።» እኔ ስማቸውን እጽፋለሁ፤ እርሷ ሕይወታቸውን ትጨምርበታለች።

በመካከሉ ስለ ባሬክ ትወረውራለች። መዋኘት የማትፈራ። የሰው ማንጎ ቀጥፋ ለባለቤቱ የምትሸጥ። አባቷ በመርከብ ይመጣል እያለች ወደብ የምትውል... ይህን ስትናገር ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች። እኔም አልሸሸሁም፤ እንድትደግመው ለመንኳት። ደገመችው።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 17

ሰሙነ ሕማማት። ዛሬ የጫጫታው ረቡዕ ነው። የሰቆቃው ጸሎት ሲያበቃ ሕዝቡ ቆርቆሮ ይጎትታል፣ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ጌታ በሰንሰለት ታስሮ የተጎተተበት ሌሊት መታሰቢያ ነው። ከዚያ በኋላ ከተማው እስከ ትንሣኤ ዝም ይላል። አርባ ዓመት በዚህ ምሽት ሥራዬ ልጆቹን መቆጣት ነበር። «የሐዘን ነው እንጂ የጨዋታ አይደለም!» እያልኩ።

ከጸሎቱ ስንወጣ ኡርሱላ «ባሬክ የቆርቆሮውን ገመድ ወገቧ ላይ ታስር ነበር፤ እስከ ባሕሩ ድረስ። ከእርሷ የሚጮኽ አልነበረም» አለችኝ።

«ድምፅዋስ? ድምፅዋ እንዴት ያለ ነበር?»

ኡርሱላ ከአንዱ ደጅ የወደቀ የጣሪያ ቆርቆሮ አንሥታ፣ በገመድ አስራ፣ ጫፉን እጄ ላይ አኖረችልኝ።

«ይጎትቱ፤ እንዲህ ነበር።»

ጎተትኩ። ድንጋዩ ላይ እየተፋጨ፣ እየዘለለ... ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። «ባፓ ጉሩ አበዱ!» አለ አንዱ። ኡርሱላ «ዞር በል፣ መንገድ ልቀቅላቸው!» አለችው። እስከ ውኃው ዳር ደረስኩ። እግሬ ረጠበ። መሳቄን ያወቅሁት ትንፋሽ ሲያጥረኝ ነው።

አሁን ከተማው ዝም ብሏል። ጆሮዬ ግን ገና ይጮኻል... ይጩኽ።