ስሜ የተፋቀባት ስክሪፕት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤ ኮምቦልቻ፤

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ። ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? ብርዱ ሲመጣ እንደሚብስብዎ ስለማውቅ ሐሳቤ እዚያው ነው። እማማስ የደም ግፊት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች? የእህቴ የመርየም ትምህርትስ እንዴት ሆነላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ሰውነቴ ደህና ነው። ልቤን ግን ደህና ነው ብዬ ልዋሽዎ አልችልም።

ጎረቤታችን ወይዘሮ እንዳለች ከአዲስ አበባ ስትመለስ «ራኒያ የኮሌጁን ሰነድ አጥፍታ ተባረረች» ብላ እንደነገረችዎ መርየም ጽፋልኛለች። በስልክ ላስረዳዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ በወረቀት ይሻለኛል። መባረሬ እውነት ነው። ማጥፋቴ ግን ውሸት ነው።

እንደሚያውቁት ሥራዬ ሜክሲኮ አጠገብ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተሮቹን መጠበቅ ነበር። በዚህ ሙያ ስክሪፕት የምንላት ነገር አለች፤ አሥር መስመር የማትሞላ የትእዛዝ ጽሑፍ ናት። ሰው ግማሽ ቀን የሚለፋበትን ኮምፒውተሩ ራሱ በደቂቃ እንዲሠራው ታደርጋለች። እኔም ለራሴ የጻፍኳቸውን እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፍቼ፣ በአማርኛ እያብራራሁ፣ አራት ዓመት ሙሉ ለፈለገ ሁሉ ሳካፍል ኖርኩ። እርስዎ «ሙያሽን እንደ ቆሎ አትበትኚው» ሲሉኝ ስቄ ነበር። ከወልቂጤ፣ ከመተማ ሰዎች «ተባረኪ፣ ሠራልን» ብለው ሲጽፉልኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውል ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት በሱፍቃድ የሚባል ሠራተኛ ክፍላችን ተቀጠረ። ወንበር ስቤ ከጎኔ አስቀምጬ ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከገጼ ላይ ያረጁ ቅጂዎችን የምትጠርገዋን ስክሪፕት ወሰደ። አናቷ ላይ ኮምፒውተሩ የሚዘላቸው፣ ሰው ብቻ የሚያነባቸው ሦስት መስመሮች ነበሩ፤ ስሜ፣ የጻፍኩበት ቀን፣ እና «የማህደሩን ስም ሳታረጋግጡ እንዳታስነሷት፤ ያገኘችውን ሁሉ ትሰርዛለች» የሚል ማስጠንቀቂያ። ሦስቱንም ፍቆ «እኔ የሠራኋት» ብሎ ለዲኑ ለአቶ ተክለጻድቅ አሳየ። ዲኑ «በሱፍቃድ የሠራትን አይተሻል?» ብለው ሲያሳዩኝ ነው ያወቅኳት። በዚያው ሰሞን የክፍሉ ኃላፊ አደረጉት። «የእኔ ናት» ሳልል ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በጥቅምት አጋማሽ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ስክሪፕቷን የኮሌጁ ሰነድ ሁሉ በሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ በአዲሱ ሰርቨር ላይ፣ አስነሳት። የማህደሩን ስም ተሳስቶ፣ በድሮዎቹ ቅጂዎች ፈንታ የተማሪዎቹን ውጤት የያዘውን ሰጣት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይሄ ነው። የሦስት ዓመት ውጤት፣ የሬጅስትራሯ የወለተሰንበት ዓይን እያየ፣ ከፊቷ ጠፋ።

ስብሰባ ተጠራን። በሱፍቃድ ስልኩን አውጥቶ ገጼን ከፈተና «ይኸው ስሟ። ስክሪፕቷ የራኒያ ናት፤ እኔ እሷ የጻፈችውን ነው ያስነሳሁት» አለ። ለምስጋናው የፋቀውን ስም ለጥፋቱ መልሶ አመጣው። እኔም «እንግዲያው ከስሜ ሥር ያለውን ማስጠንቀቂያም አንብብላቸው» አልኩት። አላነበበም፤ አንብብ ያለውም ሰው የለም። አቶ ተክለጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው «ይህን የመሰለ አደገኛ ነገር በአደባባይ ለጥፊ ያለሽ ማነው?» አሉኝ።

ቢሆንም የተማሪዎቹ ነገር አንጀቴን በላው። የውጤቱን ማህደር በየወሩ እየገለበጥኩ ቁም ሳጥን ውስጥ የማኖረው ዲስክ ነበረኝ። ስምንት ቀን ሙሉ ከእሱ ስመልስ፣ የጎደለውን ወለተሰንበት ከወረቀት እያነበበችልኝ ስጽፍ ሰንብቼ፣ የአንድም ተማሪ ውጤት ሳይጎድል አስረከብኩ። በዘጠነኛው ቀን የሰጡኝ የስንብት ደብዳቤ ነው። «የኮሌጁን አሠራር ለውጭ ሰዎች አጋልጣለች» ይላል። ዕቃዬን ይዤ ስወርድ በሱፍቃድ ደረጃው ላይ አግኝቶኝ «አይዞሽ፣ አንቺ እኮ ሥራ አታጪም» አለኝ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ አባባ፤ የነከሰኝ ደግሞ ያጽናናኛል።

ያለፈው ቅዳሜ ገጹን ዘጋሁት። የአራት ዓመት ልፋት ለመጥፋት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሰኞ ዕለት ገረሱ የሚባል፣ ፊቴን አይቶ የማያውቅ፣ ጅንካ አካባቢ የአንድ ጤና ጣቢያ ኮምፒውተሮችን የሚጠብቅ ሰው «እህቴ፣ ገጹ ወዴት ሄደ? የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር እምቢ ብሎን ያንቺን ማብራሪያ ፈልጌ ነበር፤ እናቶች ወረፋ ላይ ናቸው» ብሎ ጻፈልኝ። የሚፈልገው እኔ ጋ አለ፤ መላክ ብቻ ነበር። መልእክቱን ሁለት ጊዜ አንብቤ ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አልመለስኩለትም። ሥራዬን በሱፍቃድ አሳጣኝ እላለሁ። ገረሱን የከለከልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይህን በማን ላላክክ?

እማማን እጇን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ደብዳቤውን ሲያነቡላት የስብሰባውን ይዝለሉት። መርየም በርቺ፤ ወንድሜ ፈሀድ ሥራው ይቅናው። አክስቴ ቢልቂስ በዱዓዋ አትርሳኝ። እርስዎንም አላህ ጤናዎን ይስጥልኝ።

ልጅዎ ራኒያ

ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.