ማኅተሙን ያልጠበቀው ውሃ

ጋምቤላ፣ መስከረም 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንዝ ዳር ሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ

የተከበራችሁ ሊቀመንበርና የኮሚቴ አባላት፣ ከክረምቱ ጭቃና ከወባው ተርፋችሁ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜያችሁን ያርዝምልን፤ እናንተን ያጣን ዕለት ማን ስብሰባ እንደሚጠራን አላውቅምና።

እኔ ኦጆት አጓ የማኅበሩ አባልና የአንደኛ ደረጃ መምህር ስሆን፣ የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ እስከ ነሐሴ ድረስ የማኅበሩን ማስታወቂያ ሁሉ ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ። ጽሑፌን ለማንበብ እንደማትቸገሩ በመተማመን፣ ባለፈው ክረምት ስለዋላችሁልን ውለታ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ለማቅረብ እወዳለሁ።

1. በመጀመሪያ ለፋፊውን ሩአችን ስላሰናበታችሁልን አመሰግናለሁ። ሩአች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በብስክሌት እየዞረ፣ ክትባት የሚሰጥበትንም ቧንቧ የሚዘጋበትንም ቀን በድምፅ ማጉያ በአኝዋክኛ፣ በኑዌርኛና በአማርኛ ሲለፍፍልን የኖረ ሰው ነው። እናንተ ግን ክልል ከሆንን ወዲህ ሥራ በጽሑፍ ነው፣ በየአጥሩ ሥር መጮህ ለከተማ አይመጥንም ብላችሁ ባለ መስታወት ሰሌዳ አቆማችሁልን። ሰሌዳው በእውነት ያምራል። የቆመው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ የሚከፈተው ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ የሚጻፍበትም አማርኛ ብቻ ነው። ከወንዙ አጠገብ ካሉት አርባ ቤቶች አማርኛ የሚያነብ ሰው ያለው በዘጠኙ ነው።

2. ሁለተኛ ለማኅተም ስለሰጣችሁት ክብር አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ነሐሴ 14 ከደጋ የወረደ የጭነት መኪና ሾፌር ባሮ ከላይ በኩል ክፉኛ መሙላቱን ነገረን። እናንተም በዚያው ቀን ተሰብስባችሁ፣ በወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ እስከ ሐሙስ ድረስ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲወጣ ወሰናችሁ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። እኔም ወዲያው ጻፍኩት። ነገር ግን ማኅተሙ በሊቀመንበሩ ኪስ ነበር፤ ሊቀመንበሩም ለዘመድ ሠርግ ማታር ወርደው ነበር። ማኅተም የሌለው ወሬ አሉባልታ ነው፣ አሉባልታ ደግሞ ሕዝብ ያሸብራል፣ እሳቸው እስኪመለሱ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባልን። ውሃው ዓርብ ጎህ ሲቀድ ገባ። ቅዳሜ ጽሕፈት ቤቱ በልዩ ሁኔታ ተከፍቶ ማስታወቂያው ማኅተም ተመትቶበት ተሰቀለ፤ እስከ ሐሙስ ውጡ ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

3. ሦስተኛው ስለ እማማ አጁሉ ነው፤ እዚህ ላይ ማንን እንደማመሰግን ጠፍቶኛል።

እማማ አጁሉ አጥር የምንጋራ መበለት ነበሩ። ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ያለ ደጋፊ አይነሱም። ባይወልዱኝም፣ ተማሪ ሳለሁ በቆሎ እየጠበሱ ያበሉኝ እሳቸው ስለሆኑ እናቴ ነበር የምላቸው። ሩአች ከተሰናበተ ጀምሮ፣ ወደ ቤት ስገባ በአጥሩ ላይ እየጠሩ ሰሌዳው ምን አለ ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም ያለውን በቋንቋችን እነግራቸዋለሁ። ረቡዕ ዕለት እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። ጽሑፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ምንም አላለም አልኳቸው። ሐሙስም ጠየቁኝ፤ ሐሙስም ያንኑ መለስኩላቸው። ደህና፣ እንግዲያው በሰላም እንተኛለን ብለው መረቁኝ።

ዓርብ ልጆቼን ወደ ትምህርት ቤቱ አድርሼ ስመለስ የሳቸው ቤት ጣሪያው ብቻ ይታይ ነበር። ውሃው በጎደለ በሁለተኛው ቀን ከማንጎው ሥር አገኘናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እየዘመሩ ቀበሯቸው።

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ ማንም ጠመንጃ አልደገነብኝም። አሉባልተኛ እንዳልባል ፈርቼ ነው። እናንተ ማኅተሙን ጠበቃችሁ፣ እኔ እናንተን ጠበቅሁ፤ እሳቸው ደግሞ እኔን አመኑ። ጥፋቱን ስናካፍል የእኔ ድርሻ እንዳይቀነስልኝ እለምናለሁ። እናቴን የገደልኩ ያህል ነው የሚሰማኝ።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ሩአችን መልሱልን። ባሮ በየዓመቱ ይሞላል፤ በወንዙ ዳርም ገና ያልተነሱ ብዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። ይህ የማይቻል ከሆነ እኔ ራሴ በእግሬ እየዞርኩ እጮኻለሁ፤ ለከተማው ባለመመጠኔ የምትጥሉብኝን ቅጣት በደስታ እቀበላለሁ።

ለሰሌዳው መስታወት ጥራት፣ ለስብሰባዎቻችሁ ርዝመትና ለማይናወጠው ሥርዓታችሁ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት በትሕትና እየገለጽኩ፣ እንቅልፍ ለሚወስደው ሁሉ የሰላም እንቅልፍ የምመኝ

መምህር ኦጆት አጓ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ዓርብ በሰሌዳው ላይ አዲስ ማስታወቂያ አነበብኩ። ነሐሴ 26 በተደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያልተገኙ አባላት ስም ዝርዝር ነው። በሦስተኛው ተራ ቁጥር እማማ አጁሉ ተጽፈው፣ የቀሩበትን ምክንያት በሁለት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል። እሳቸው መጻፍ ስለማይችሉ እኔ ጽፌላቸዋለሁ፤ ምክንያታቸው ይህ ደብዳቤ ነው።