የመጻሕፍት ሳጥን ጠባቂው የአቶ ጆቴ መርዳሳ የሕይወት ታሪክ (1884–1925 ዓ.ም.)

አቶ ጆቴ መርዳሳ ከአባታቸው ከአቶ መርዳሳ ባጫና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቂቱ ነገሪ በ1884 ዓ.ም. ወለንጪቲ አጠገብ ተወለዱ። ጡት ሲጠቡ እንኳ አንድ ዓይናቸውን አይጨፍኑም ነበር ይባላል።

ፊደል ከቆጠሩ በኋላ በ1908 ዓ.ም. በአዳማ ባቡር ጣቢያ ጭነት ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ በዱላቸው ሳይወጉት ያሳለፉት ጆንያ የለም። በ1912 ዓ.ም. ወይዘሮ ዘርፉን አግብተው ሙሉአለምንና ሰንበታን ወለዱ።

በ1917 ዓ.ም. የከተማው ትምህርት ቤት መጻሕፍት ጠባቂ ሆኑ። መጻሕፍቱ ያሉት በአንድ የእንጨት ሳጥን ነበር፤ ቁልፉም ከአንገታቸው አይወርድም። ተማሪ መጽሐፍ ሲጠይቅ ሽፋኑን ከሩቅ አሳይተው ይመልሱ ነበር።

በ1924 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚታተም የመጻሕፍት ጠባቂዎች መጽሔት ጽሑፍ ጠየቃቸው። «በሰባት ዓመት አንድም መጽሐፍ አልጠፋብኝም» ብለው ጻፉ። ጽሑፉን ባቡር ላይ ሳይጭኑት ለማንኛውም ብለው በሳጥኑ ያሉትን ቢቆጥሩ፣ አንድ የንባብ መጽሐፍ የለም! ስማቸው በአገር ፊት በውሸት ሊታተም ሆነ። ስለዚህ ለተሰረቀ በሬ እንደሚደረገው አፈርሳታ አስጠሩ፤ ሌባው እስኪጠቆም የተማሪ ወላጅ ሁሉ ከዋርካው ስር እንዳይነሳ ተባለ።

ባለ ሱቁ አቶ አብዱልመናን ተቆጡ፦ «አያ ጆቴ፣ እኔ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል? ስኳር ልጠቅልልበት?»

አቶ ጆቴም «መጠቅለያ እንደቸገረው በአፉ አመነ» ብለው መዘገቡ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ዘርፉ ተነሡ። «ሰውየውን ይልቀቁት። እርስዎ ሲታጠቡ ቁልፉን የወሰድኩ እኔ ነኝ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅዎ ይሰጡኝ ኖሯል?»

ወይዘሮ ዘርፉ በመጽሐፉ ከልጃቸው ከሙሉአለም ጋር ንባብ ተምረውበታል። አቶ ጆቴ ግን በቃል አጥንታው ይሆናል ብለው ጠረጠሩ፤ ከመካከል አስነበቡ፣ ከመጨረሻው አስነበቡ። ሳይደናቀፉ አነበቡ። ሕዝቡ ተበተነ፤ አቶ ጆቴ ብቻቸውን ከዋርካው ስር ቀሩ።

በማግስቱ ጽሑፉን ሰርዘው እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «በሰባት ዓመት አንዲት አንባቢ ብቻ ነበረችኝ፤ እሷም ሰርቃ ነው።» ሳጥኑም ከዚያ ወዲያ አልተቆለፈም።

በጥቅምት 1925 ዓ.ም. ወባ ያዛቸው። ኪኒኑን የዋጡት መድኃኒት ሰጪውን አስቀድመው አስቀምሰው ነው። መጽሔቱ በደረሰ ዕለት ወይዘሮ ዘርፉ ከአልጋቸው አጠገብ ሆነው ጽሑፋቸውን አነበቡላቸው፤ እሳቸውም ከራሷ የጨመረችው እንዳለ ብለው መጽሔቱን ተቀብለው አዩ። በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 12፣ በ41 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሠላሳ ስምንት መጻሕፍት ትተዋል፤ ከመጻሕፍቱ ሃያ ስድስቱ ዛሬ በሰው እጅ ናቸው። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለቤታቸውም መጽናናቱን አይንፈግ።