ሦስት ወይስ ስምንት

ይድረስ ለውዷ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሻል? እማዬስ እህል ትቀምሳለች? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሁላችሁም ሰላም ናችሁ ወይ? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ጆሮዬም ድኗል። እንቅልፍ ብቻ ነው የሸሸኝ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ወንድም ጋሼ ከሞተ ወዲህ «ያንን ሥራ ተው» እያልሽ ትጽፊልኛለሽ። አልተውኩትም። ዛሬም መርከብ ሥር እየጠለቅሁ የብረቱን ሆድ እፍቃለሁ። ውሃው ከመደፍረሱ የተነሳ የዘረጉት እጅ አይታይም። እዚያ ውስጥ የምንታመነው እጃችን ላይ የምናስራትን ኮምፒውተር ነው። ምን ያህል እንደጠለቅን፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረን፣ ስንወጣም የት የት ቆመን መጠበቅ እንዳለብን የምትነግረን እሷ ናት።

ወንድም ጋሼ የአባታችንን ዓይን ነበር የወረሰው፤ ቅርብ ያለ ነገር ይፈዝበታል። ከሥራ እንዳያስወጡት ሰግቶ ደበቀው። አብረን ስንጠልቅ የአየር ሲሊንደሬን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርገዋል፤ «አንብብልኝ» ማለቱ ነው። የእጁን ኮምፒውተር ወደ ዓይኔ አስጠግቼ አይቼ፣ ቁጥሩን መዳፉ ላይ በጣቴ እቆጥርለታለሁ። ያን ቀን እኔ ጆሮዬን ታምሜ ተኝቼ ነበር። የቀረው ሦስት ደቂቃ ነበር፤ እሱ ስምንት መስሎት ቆየ። «ቁም» የምትለውንም ሳያይ በቀጥታ ወጣ፤ ከጥልቅ ውሃ ሳይቆም የወጣ ሰው ደሙ ውስጥ አረፋ ይሞላና ይገድለዋል። ሆስፒታል ደርሼ እጁን ስይዘው «ስምንት ይላል እኮ» አለኝ። እስከ መጨረሻው የተናገረው ይህንኑ ነው። እስከ ዛሬ ልጽፍልሽ አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ ውሃ ውስጥ ስሆን ከኋላዬ ኳ ኳ ይላል። ዞር ስል ማንም የለም። አብሮኝ የሚጠልቀውን፣ ከዝምታው የተነሳ «ጳጳሱ» የምንለውን ሰው ብጠይቀው «የመርከቡ ብረት ነዋ» አለኝ። የብረት ድምፅ ጠፍቶኝ ነው እንዴ እትዬ?

በቅርቡ ደግሞ የእኔም ዓይን መፍዘዝ ጀመረ። ለአለቃዬ ደፍሬ ነገርኩት። «በደንብ የሚነበብልህን ኮምፒውተር መርጠህ ና፤ ካልተነበበልህ ግን አትጠልቅም» አለኝ።

የጠላቂ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። የምትሸጠው ሴትዮ ራሷም ጠላቂ ነበረች፤ አሁን ወፍራም መነጽር አድርጋለች። «እዚህ መብራት ላይ ሁሉም ያምራል» ብላ ወደ ጨለማው መጋዘን ወሰደችኝና በርሜል ውሃ ውስጥ አፈር በጠበጠች። እኔ የመጥለቂያ ማስኬን አድርጌ ፊቴን ስነክር፣ እሷ ኮምፒውተሮቹን እያፈራረቀች ውሃው ውስጥ ትይዝልኛለች። ለሙከራ ቁጥሩን እንደፈለገች ትቀያይረዋለች። «ሦስት ወይም ስምንት አድርጊና አትንገሪኝ» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

የመጀመሪያዋ ቀለምና ሥዕል የሞላባት፣ ከሁሉ ውድ ነበረች። ቀና ብዬ «ስምንት» አልኩ። «ሦስት ነው» አለችኝ። እንደገና ነከርኩ፤ አሁንም ስምንት። እትዬ፣ ወንድም ጋሼ ያየውን በገዛ ዓይኔ አየሁት። ሆስፒታል «ስምንት ይላል እኮ» ሲለኝ እየቃዠ አልነበረም።

በርሜሉን ተደግፌ ስቀር ሴትዮዋ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ሌላ አመጣች። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ቁጥር ቦግ ብሎ ይበራል፤ ቁጥሩ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያክላል፤ የማያስፈልግ ነገር አልተከመረባትም። ቁልፏ በጓንት ይጫናል፤ ጊዜ ሲያልቅ እጅ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ማስኬም ላይ ማጉያ ሌንስ ለጠፈችልኝ። ደጋግማ ብትቀያይረው አንዴም አልሳትኩም። ያቺን መረጥኩ።

ትናንት ይዣት ጠለቅሁ፤ እሱ መጨረሻ የሠራበት ቦታ። ብዙም ሳልቆይ ከኋላዬ ኳ ኳ አለ። ይህን ጊዜ አልዞርኩም። እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ስክሪኗን አሳየሁት። ስትንቀጠቀጥ በየደረጃው እየቆምኩ ወጣሁ፤ ድምፁም እየቆመ ተከተለኝ። መሰላሉ ጋ ስደርስ ቀረ። ሥራውን የማልተወው ለገንዘቡ እንዳይመስልሽ። ከተውኩት እዚያ ታች ማን ያነብለታል?

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የቁጥሩን ነገር ግን አታንብቢላት። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መንታ ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አንቺ ጋ ያለችውን የወንድም ጋሼን ልጅ ደግሞ ለብቻዋ እቀፊልኝ። «መጽሐፏን እንደ ትልቅ ሰው አርቃ ይዛ ነው የምታነበው» ብለሽ እየሳቅሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አትሳቂ እትዬ። ነገ ዛሬ ሳትዪ የዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

ትንሹ ወንድምሽ

ከወደቡ ሠራተኞች መኖሪያ
ጥቅምት 18 ቀን