ቃልህን ያፈረስኩበት አበባ

ታዴዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ሰበታ እንደምታውቃት ናት፤ ጭቃዋም የታክሲ ሰልፏም አልተለወጠም። ልጃችን ሚኪያስ አሁንም በጠዋት እየተነሳ አዲስ አበባ ሥራ ይገባል። እኔም ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ደህንነቴን ለመንገር አይደለም። ተሳስተህ ነበር፤ እሱን ልንገርህ ብዬ ነው።

አልጋ ላይ ሆነህ ያልከውን አልረሳሁም። ከቤቱ ኋላ የተከልከው ቲማቲም በየዓመቱ እየጠወለገ ሲሞትብህ ተስፋ ቆረጥክና፣ «ያ መሬት አልቆለታል፤ ሲሚንቶ አፍስሱበትና የሚከራይ ክፍል ሥሩበት» አልከን። ከታመመ ሰው ጋር አይሟገቱም ብዬ ተውኩት። ሚኪያስ ግን ቃልህን እንደ ኑዛዜ ያዘው። አርባህ እንደወጣ አሸዋ አስመጣ።

አሸዋው ሲራገፍ እኔ ወደ ጓሮ ዞርኩና ከደረቁት ቲማቲሞችህ አንዱን ነቀልኩ። ሥሩ እንደ ዝንጅብል አባብጧል። ይህንን አውቀዋለሁ። ሳንጋባ በፊት ሆለታ አበባ እርሻ ስሠራ አይቼዋለሁ፤ በዓይን የማይታይ ትል ነው ሥሩን እንዲህ የሚያደርገው። እዚያ ማሪጎልድ የሚባል አበባ ጥቅጥቅ አድርገው ይዘሩበትና ካበበ በኋላ ከአፈሩ ጋር ይገለብጡት ነበር፤ ትሉን ያዳክመዋል። ላንተም ነግሬህ ነበር እኮ። «አበባ አይበላም» ብለህ ሳቅክብኝ።

ሚኪያስን «አንድ ዓመት ስጠኝ» አልኩት።

«እማ፣ የአባቴ የመጨረሻ ቃል ነው!» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

«አባትህ መሬቱ የሞተ መስሎት ነው። ካልሞተስ?»

ተነስቶ ወጣ። አሸዋውን በሸራ ሸፈነው።

የማሪጎልድ ዘር ቀጭን ነው፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ። ቶሎ ይበቅላል፣ ፀሐይ ካገኘ ደግሞ ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም። በመስከረም ጓሮው በሙሉ ብርቱካንማ ሆነ። የሰፈር ልጆች አደይ መስሏቸው ሊቀጥፉ መጡ፤ አደይ ወዲያው ታልፋለች፣ ይሄኛው ግን በቀጠፉት ቁጥር ያብባል። ሽታው ኃይለኛ ነው፤ በሳሙና ታጥቤ እንኳ ከጣቴ አይለቅም። ጎረቤታችን ኦቦ ፈይሳ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «አስቴር፣ ሽንኩርት እንዲህ በተወደደበት ዘመን አበባ?» አሉኝ። «ይቆዩ ኦቦ፣ ያዩታል» አልኳቸው። ባለቤታቸው ደግሞ ለቁስል ልትቀጥፍ መጣች፤ ለቁስል የሚሆነው ካሌንዱላ የሚባለው ሌላ አበባ ነው ብዬ መለስኳት። የቀጠፍኩትን አበባ አድርቄ ከዶሮ መኖ ጋር ቀላቀልኩት። አንድ ጠዋት ሚኪያስ እንቁላል ሰብሮ፣ «እማ፣ አስኳሉን ምን አደረግሽው?» ብሎ እየሳቀ ጮኸ። እንደ አበባው ደምቋል። ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከባዱ ነገር መገልበጡ ነበር። እንዳበበ፣ እንዳማረበት፣ በአካፋ ከአፈር ጋር መቀላቀል አለበት። ሚኪያስ አልችልም አለ። እኔ ገለበጥኩት። 

ከዚያ ቲማቲም ተከልን። ፍሬ ሲይዝ ሚኪያስ ሳልነግረው አንዱን እግር ነቅሎ በባልዲ ውኃ አጠበው። ሥሩ ነጭና ቀጭን ነበር፤ ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ እብጠት ታይቷል። ትሉ ጨርሶ አይጠፋም፤ በየጊዜው አበባውን መልሶ መዝራት ይፈልጋል። ልጅህ ሥሩን ወደ ብርሃን አነሳው። «አባዬ ይህን ቢያይ ኖሮ ቃሉን ያጥፍ ነበር» አለ። የሚከራየውን ክፍል በግቢው በር አጠገብ፣ ድንጋያማው ቦታ ላይ ሠራው።

ታዴዬ፣ ሰው ሟቹን ሲያነሳ እንከን የለሽ ያደርገዋል። እኔ አንተን እንደዚያ አላደርግህም። ስትናደድ እያፏጨህ በግቢው የምትዞረውን፣ የጫማህን ተረከዝ ረግጠህ የምትሄደውን፣ እልኸኛውን፣ የተሳሳትከውንም ታደሰ ይዤ እኖራለሁ። ያገባሁት እሱን ነው። የልጅ ልጅ ሲመጣም የምነግረው ስለ እሱ ነው።

አስቴርህ