ቅንፍ ወይስ ፐርሰንት? ለኮድ አጻጻፍ ወጥነት ኮሚቴ የቀረበ ምስጋና

ለሆስፒታላችን የኮድ አጻጻፍ ወጥነት ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም አሥራ አንድ ወር ስብሰባ ተቀምጦ ላልደከመው ወገብዎ፣ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ለሕሙማን የቀጠሮ መልእክት የሚልከውን ፕሮግራም የምጠብቅ ሠራተኛዎ ነኝ።

እንደሚያስታውሱት መልእክቱ ለክፍል ቁጥርና ለሰዓት ሁለት ባዶ ቦታዎች አሉት፤ ቁጥሮቹም በተሰለፉበት ተራ ይገቡበታል። ኮሚቴዎ ዓረፍተ ነገሩ ትሕትና ይጎድለዋል ብሎ ሲያቃናው ሰዓቱን ወደ ፊት አመጣ፤ የቁጥሮቹን ሰልፍ ግን እንደነበረ ተወው። ስለዚህ በአራት ሰዓት ክፍል ዘጠኝ የተቀጠረ ሰው፣ በዘጠኝ ሰዓት ክፍል አራት እንዲገኝ እጅግ በትሕትና ይለመናል። ነባሮቹ ሕሙማን ገልብጦ ማንበብ ለምደዋል፤ አዲሶቹ ኮሪደር ለኮሪደር ይንከራተታሉ።

ለማረም አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ሆኖም፦

፩ኛ. ባዶ ቦታዎቹ በፐርሰንት ምልክት ይጻፉ፣ በጠምዛዛ ቅንፍ ሆነው ቁጥሮቹ ከኋላ ይከተሉ፣ ወይስ የየቁጥሩ ስም፣ ማለትም «ክፍል» ወይም «ሰዓት» የሚለው፣ እዚያው ቅንፉ ውስጥ ይግባ የሚለው እስኪወሰን ድረስ ማንም ኮዱን እንዳይነካ በማዘዝዎ፣ ከችኩልነት አድነውናልና ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ. ስሙ ቅንፉ ውስጥ ቢገባ ቁጥሮቹ ሊቀያየሩ እንደማይችሉ ያስረዳሁበት ማመልከቻ፣ የገጹ ኅዳግ ከመመሪያው ጠቧል ተብሎ ተመልሶልኛል። ጥፋቱ የኔ ነው።

፫ኛ. ያሳደገችኝ አክስቴ ለቀረችው አንድ ዓይኗ ቀዶ ሕክምና ስምንት ወር ተራ ጠበቀች። ከሥራ እንዳላስፈቅድላት ብላ ቀኑን ደበቀችኝ፤ መልእክቱንም ልጄ የሠራው ነው ብላ ቅንጣት ሳትጠራጠር አመነችው። በዘጠኝ ሰዓት መጥታ ክፍል አራት፣ የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ፣ እስኪዘጋ ድረስ በትዕግሥት ተቀመጠች። ጠዋት ክፍል ዘጠኝ ሦስት ጊዜ ተጠርታ ስላልተገኘች ተራዋ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ተመልሷል። እኔ ያን ዕለት ሁለት ፎቅ ከፍ ብዬ የኮሚቴዎን ቃለ ጉባኤ እየጠረዝኩ ነበር። ክቡር ሆይ፣ አፍሬያለሁ፤ ዓይን ዓይኗን ማየት አቅቶኛል።

ይህ ደብዳቤ አንዳች ነገር ይለውጣል የሚል ተስፋ የለኝም፤ በቀጣዩ ስብሰባ ስለ አጻጻፉ አስተያየት ቢሰጡበት ግን ትልቅ ክብር ነው።

ወንበሩ እንዲመቻችሁ፣ አጀንዳውም እንዳይነጥፍባችሁ ከልብ እየተመኘሁ፣ አንድ መስመር ለመጻፍ ፈቃድ የምጠባበቅ ታዛዥዎ፣
የቀጠሮ መልእክት ፕሮግራመር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የአክስቴ አዲስ ቀጠሮ ትናንት ገብቷል፤ ቁጥሮቹ አሁንም እንደተቀያየሩ ናቸው። ኮሚቴዎ ግን በዚህ እንዳይጨነቅ። ማየት ካቆመች ሦስተኛ ሳምንቷ ስለሆነ ስልኩን ለእኔው አቀብላ፣ ምን እንደሚል እንዳነብላት ጠይቃኛለች።